ከነገርናት ትፈራለች

«ከነገርናት ትፈራለች፤ ከፈራች ደግሞ መድኃኒቱን ትተወዋለች።»

ይህችን አነጋገር ከስንት የተማረ ሰው አፍ እንደሰማኋት ልቁጠር ብል ጣቶቼ አይበቁኝም። ነርሱ ይላታል፤ ፋርማሲስቱ ይላታል፤ እናቱን ሊያሳክም የመጣ ባለዲግሪ ልጅም ሐኪሙን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ «እባክህ ዶክተር፣ ለእሷ ምንም እንዳትነግራት» ይላል። ለሰሚው ርኅራኄ ትመስላለች። እኔ ግን ከንቀት ነው የምቆጥራት። አንድን ዐዋቂ ሰው ወደ ሆዱ የሚያስገባውን ነገር እንዳያውቅ መከልከል፣ ነጭ ጋዋን ለብሶም ቢሆን፣ ያው ንቀት ነው።

ዛሬ ይህን የማነሣው ስለ ማረጥ ልጽፍ ብዬ ነው። አዎን፣ ስለ ማረጥ! ቃሉን ጋዜጣ ላይ ሲያይ የሚደነግጥ አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። በእኛ አማርኛ «አረጠች» ማለት ስድብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልብ ወለዶቻችን ስለ ሴት ልጅ መታጨት፣ ስለ መዳር፣ ስለ መውለድ፣ ስለ መመንኮስ ሲተርኩ አንብቤአለሁ፤ አስነብቤአለሁም። በሃምሳ ዓመቷ እኩለ ሌሊት ላይ በላብ ተነክራ ስለምትነቃ ሴት የሚተርክ ግን ለማስታወስ ይቸግረኛል። ዝም የተባለ ችግር ደግሞ መድኃኒቱም በዝምታ ነው የሚሰጠው።

እስቲ ደብረ ኤልያስ ድረስ እንሂድ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ነው፤ የቅኔ አገር፣ ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ። እዚያ አንዲት የሃምሳ ዓመት እናት አለች እንበል። ስም አልሰጣትም፤ ብዙ ስለሆነች ስም አያስፈልጋትም። ምጣድ ላይ ተቀምጣ ሳለ ከደረቷ የሚነሣ እሳት ድንገት አንገቷንና ፊቷን ይልሳታል። ሻሿን ትፈታለች። ጥቂት ቆይቶ ላቧ ይንቆረቆራል፤ ከዚያ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። ሌሊትም ያው ነው። የደብረ ኤልያስ ደጋ ብርድ ውጭ ሲያፏጭ እሷ ጋቢዋን ገፍፋ ትቀመጣለች።

ጎረቤቷ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታሽላታለች። ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ወረዳው ወደ ዓባይ የሚወርድ ቆላም ስላለው፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ መጠርጠሩም ተገቢ ነው። ወባው ሲታጣ እነዚያ የማይለያዩት መንትዮች ይመጣሉ፦ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ሐኪሞቻችን ያውቁታል፤ ፀረ ተሕዋስያኑ ግን ይታዘዛል። እሱም አልሠራ ሲል «ግፊት ነው» ይባላል። እንደ ኒፌዲፒንና አምሎዲፒን ያሉት የግፊት መድኃኒቶች ራሳቸው ፊት እንደሚያግሉ ማን ይነግራታል? አንድ ቀን፣ ዕድል ከቀናት፣ ነገሩ የገባው ባለሙያ ታገኛለች። እሱም አንድ ክኒን ይሰጣትና «እናቴ፣ ይቺን ጠዋት ጠዋት ይውሰዱ» ይላታል። «እሺ ልጄ፣ ይባርክህ» ብላ ትወጣለች። ውይይቱ አለቀ። የመድኃኒቱን ስም አታውቅም፤ ለምን እንደተሠራ አታውቅም፤ ምን ሊያደርጋት እንደሚችል አታውቅም። በሣጥኑ ውስጥ የታጠፈች ወረቀት አለች፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈችው። ግእዝ በሚቀኝ አገር፣ እንግሊዝኛ ለማታነብ እናት!

ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሲቀንስ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ያለው ሙቀት ተቆጣጣሪ ትዕግሥት ያጣል። ኢምንት ሙቀት ሲጨምር «ተቃጠልን!» ብሎ ያውጃል። የቆዳ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፤ ላብ ይወርዳል። «ወር ሁለት ወር ነው፣ ያልፋል» ለሚሉም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውና ስዋን የተባለው የአሜሪካ ጥናት፣ ሙቀቱ አዘውትሮ በሚመጣባቸው ሴቶች ላይ መካከለኛው ቆይታ 7.4 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እንቅልፍ ማጣት «ያልፋል» የሚባል ነገር ነው?

ዋናው ሕክምና የጎደለውን ሆርሞን መተካት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2002፣ 16,608 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ ኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን አንድ ላይ በሚወስዱት ላይ የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክና የደም መርጋት በዛ ተብሎ ከጊዜው ቀድሞ ተቋረጠ። ዓለም ደነገጠ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት እንደነበረ፣ ከ60 በታች ለሆኑና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ሴቶች ሚዛኑ ሌላ እንደሆነ ቀስ እያለ ተብራራ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2025 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከእነዚህ ሆርሞኖች ሣጥን ላይ አብዛኛውን ከባድ ማስጠንቀቂያ ለማንሣት መወሰኑን አስታወቀ። በመካከሉ ግን ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ ፍርሃት ነበር፤ በዚያ ፍርሃት ውስጥም ገበያው አንድ የሚጣፍጥ ቃል አገኘ፦ «ሆርሞን የለውም»።

ጎበዝ፣ «ሆርሞን የለውም» ማለት «ጉዳት የለውም» ማለት አይደለም! ጨው የሌለው ወጥ በርበሬ የለውም እንደማለት ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ እኮ ለሌላ ሥራ ተቀጥረው የመጡ ናቸው። ፓሮክሲቲንና ቬንላፋክሲን የድባቴ መድኃኒቶች ናቸው። ጋባፔንቲን የሚጥል በሽታና የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው። ክሎኒዲን የደም ግፊት፣ ኦክሲቡቲኒን የሽንት ፊኛ መድኃኒት ነው። ሆርሞን የሌለበት ተብሎ ለማረጥ ሙቀት በአሜሪካ የመጀመሪያውን ፈቃድ ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ 7.5 ሚሊግራም ፓሮክሲቲን ነው፤ እሱም ቢሆን አማካሪ ኮሚቴው 10 ለ 4 በሆነ ድምፅ «አይሆንም» ካለ በኋላ።

ይሠራሉ ወይ? ይሠራሉ። ከሆርሞኑ ያነሰ ቢሆንም ሙቀቱን ይቀንሳሉ፤ ሆርሞን መውሰድ ለማይገባት ሴት፣ ለምሳሌ የጡት ካንሰር ለታመመች፣ ትልቅ እፎይታ ናቸው። የሰሜን አሜሪካ የማረጥ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው አቋም ከእነዚህ ብዙዎቹን ደግፏል፤ ክሎኒዲንን ግን አይመከርም ብሏል። ስለዚህ «መድኃኒቱን ጣሉት» የሚል ሰው ከዚህ ጽሑፍ ድጋፍ አያገኝም። ጠቡ ከክኒኑ ጋር አይደለም፤ ክኒኑን ከሚያቀብለው ዝምታ ጋር ነው።

ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል ደብረ ኤልያስ ላይ እንየው። ጋባፔንቲን ራስ ያዞራል፣ ያንገላጅጃል፣ እግር ያሳብጣል። ቢሮ ወንበር ላይ ለምትውል ሴት ማዞር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ሽቅብ ለምትወጣ ሴት ሌላ ነገር ነው፤ መውደቅ ነው፣ ዳሌ መሰበር ነው። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ማደንዘዙ ይብሳል፤ ትንፋሽም ሊያዳክም ይችላል። በዓል ሲመጣ አንድ ሁለት መለኪያ የማይቀመስበት ቤት ስንት ነው? «አረቄ እንዳይቀምሱ» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ቬንላፋክሲን ያቅለሸልሻል፣ አፍ ያደርቃል፣ የደም ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንዷን ጭራሽ ራሱ ያልባታል። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። እንግዲህ «ጠዋት ጠዋት» የተባለችው እናት ሁዳዴ ገባባት እንበል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማትቀምስ ጿሚ ናት። ምን ታደርጋለች? ክኒኑን ትተወዋለች፤ ሐኪሙን ለማስቀየም ብላ አይደለም፤ ማንም «ማታ ከእራት ጋር ሊያደርጉት ይችላሉ» ስላላላት ነው። መድኃኒቱን በድንገት መተው ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። ራስ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ መነጫነጭ፣ ኤሌክትሪክ የነካው የሚመስል ውርር የሚል ስሜት ይመጣል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ምልክት ሲታይ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ለከፋት!» ይባላል።

መተው ደግሞ ሁልጊዜ በሴትየዋ ፈቃድ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲቀር፣ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ሲራቆት የክልሉ ሰው አይቷል። ደብረ ኤልያስም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ በሥላሴ ገዳም በተደረገው ውጊያ ስሙ በየዜናው ሲነሣ ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ክሎኒዲን የምትወስድ ሴት መድኃኒቷ በድንገት ይቋረጣል፤ ክሎኒዲን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ የደም ግፊት ተመልሶ ሽቅብ ሊወነጨፍ ይችላል። ወረቀቷ ላይ «ቀስ በቀስ እየቀነሱ ይተዉ» ተብሎ ተጽፏል። ያንን የጻፈው ሰው መንገዱ ክፍት በሆነ አገር ነው የጻፈው። እዚህ ይህ ምክር የሚነገረው ክኒኑ ሲያልቅ ሳይሆን ሲጀመር መሆን አለበት፦ «አሥር ፍሬ ሲቀርዎ ይምጡ፤ መንገድ ከተዘጋም እንዲህ እያደረጉ ይቀንሱ።»

ከባልና ሚስት ጉዳይም መግባቴ ነው፤ ምን ላድርግ! እነዚህ የድባቴ መድኃኒቶች የመኝታ ፍላጎትን ሊቀንሱ ይችላሉ። የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነርስ ይህንን ለእናቱ እኩያ መንገር እንደሚያፍር ይገባኛል። ነገር ግን እሱ ስላፈረ ቤቷ ሲቀዘቅዝ፣ ባሏ ሲያኮርፍ፣ እሷም «አረጀሁ በቃ» ብላ ስትደመድም፣ የነርሱ ይሉኝታ ዋጋ የተከፈለው በእሷ ኪስ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይኸኛው ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከካንሰሮች ሁሉ የበዛው ነው። ብዙ ታማሚዎች ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፈን ይወስዳሉ፤ ታሞክሲፈን ደግሞ ራሱ ያንኑ ሙቀት ያመጣል። እንግዲህ ለሙቀቱ ፓሮክሲቲን ወይም ፍሉኦክሲቲን ተሰጣት እንበል። ሁለቱም ታሞክሲፈን ጉበት ውስጥ ወደሚሠራበት መልኩ እንዳይለወጥ ያግዱታል። ላቧ ሲቀንስ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፤ ከካንሰር የሚጠብቃት ዘበኛ ግን እጅና እግሩን ታስሯል። እንደ ቬንላፋክሲን ያለ፣ በዚህ ረገድ ብዙም የማያሰጋ አማራጭ እያለ! ይህን አደጋ የሚያስቀረው አንዲት ጥያቄ ናት፦ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» መልሱን የምታውቀው ሴትየዋ ናት፤ ለምን እንደተጠየቀች ካልገባት ግን «የለም ልጄ» ብላ ታልፋለች።

«ይህ ሁሉ የድሮ መድኃኒት ነው፤ አሁን አዲስ መጥቷል» የሚል አይጠፋም። መጥቷል። እ.ኤ.አ. ሜይ 2023 ፌዞሊኔታንት የተባለው፣ በንግድ ስሙ ቬኦዛ፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። ያንን ትዕግሥት ያጣ የአንጎል ሙቀት ተቆጣጣሪ በቀጥታ የሚያበርድ ነው ተባለ፤ እውነትም ነው። ሲወጣ የ30 ቀኑ ዋጋ 550 ዶላር ነበር። «ሆርሞን የለውም» የሚለው ዜማ እንደገና ተዘመረ። ከዚያስ? መድኃኒቱን ለ40 ቀን ያህል የወሰደች አንዲት ታማሚ ጉበቷ ተጎዳ። ሪፖርት ተደረገ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ከባዱን የጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ አስለጠፈበት። ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ፣ ከዚያ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ9ኛው ወር እንደገና ምርመራ ይደረግ ተባለ። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሰውነት ሲያሳክክ መድኃኒቱን አቁማችሁ ሐኪም ጥሩ ተባለ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2025 ደግሞ ወንድሙ ኤሊንዛኔታንት ተፈቀደ፤ እሱም ራስ ምታቱ፣ ድካሙ፣ እንቅልፉና ማዞሩ አብሮት ተጽፏል።

ይህ መድኃኒት ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ ይገኛል ብዬ አይደለም። ግን የእኛ አገር መድኃኒት የሚገባው በጉምሩክ ብቻ ነው እንዴ? በሻንጣም ይገባል። ዋሽንግተን ያለች ልጅ እናቷን ስለምትወድ፣ እሷም «ሆርሞን የለውም» ተብላ ስለሰማች፣ ለፋሲካ ከሚመጣ ሰው ጋር ትልካለች። ክኒኑ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ስድስቱ የጉበት ምርመራ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። «ዕፅዋት ብቻ ነው» ተብሎ የሚላከው ብላክ ኮሆሽም ቢሆን ከጉበት ጉዳት ጋር ስሙ ተነሥቷል።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚገርመኝ ጉበቱ አይደለም። ሰው ጋ የሚደርስ መድኃኒት ሁሉ ያልታየ ነገር ይኖረዋል። የሚገርመኝ የተናገረ ሰው ጆሮ ማግኘቱ ነው። አንዲት ሴት «ይህ ክኒን ጎዳኝ» አለች፤ ያ ቃል ወረቀት ላይ ሰፈረ፤ ወረቀቱ የአንድ ሣጥን ጽሑፍ አስለወጠ። የደብረ ኤልያሷ እናት ግን የክኒኑን ስም ካላወቀች ምን ብላ ትናገራለች? «ነጭ፣ ክብ» ብላ? እኛም መሥሪያ ቤቱ አለን። ኢትዮጵያ በዓለም የጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ውስጥ ከገባች እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ነው። ባለሙያ የሚሞላው ቢጫ ቅጽ አለ። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር አለው፤ 8482 ነው። አንባቢዬ፣ ይህንን ቁጥር ከዛሬ በፊት ታውቀው ነበር? ካላወቅከው ምክንያቱ ያው ነው፤ ስለ ጎንዮሽ ጉዳት ያልተነገረው ሰው የት እንደሚናገርም አይነገረውም።

አሁን ወደ ባላንጣዎቼ ልመለስ። «ከነገርናት ትፈራለች» ትላላችሁ። ኧረ አሁንም ፈርታለች! ሌሊት ልቧ እየደለቀ፣ በላብ ተዘፍቃ ስትነቃ ልሞት ነው ብላ ፈርታለች። ነፍስ አባቷን ጠርታ፣ ጠበል ተጠምቃ፣ ዝም ብላ ፈርታለች። ምክንያቱን መስማት ፍርሃቷን ቢቀንስ እንጂ አይጨምርም። ደግሞስ ማንን ነው አትችልም የምትሏት? ልጅ ወልዳ የቀበረች፣ ረኀብ ያየች፣ ጦርነት ያየች ሴት «አፍዎ ሊደርቅ ይችላል» መባልን አትችልም?

«ዕድሜ ነው፣ ትቻለው» የሚሉም አሉ። ዓይን ሲደክምም ዕድሜ ነው፤ መነፅራችሁን ግን አልጣላችሁም።

ሦስተኛው ክርክር እውነት ያለበት ነው። «አንድ ነርስ በቀን ስንቱን አይቶ ስንቱን ያስረዳል?» ይላል። ልክ ነው፤ ሰልፉን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ንግግር አድርጉ አልልም። አምስት ዐረፍተ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ በአማርኛ፣ ለእሷ፣ ፊቷን እያዩ። «የመድኃኒቱ ስም ይህ ነው፤ የተሠራው ለእንዲህ ያለ ሕመም ነው፤ ለእርስዎ የምንሰጠው ለሙቀቱ ነው።» «እንዲህና እንዲህ ሊያደርግዎ ይችላል፤ ይህኛው ከታየ ግን ሳያድሩ ይምጡ።» «ሌላ መድኃኒት፣ የባህል ሥርም ቢሆን፣ የሚወስዱት አለ?» «በአንዴ አያቋርጡት፤ በጾምም እንዲህ አድርገው ይውሰዱት።» «ካልፈለጉት አለመውሰድም መብትዎ ነው፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።» ሁለት ደቂቃ አትፈጅም። ነርሱ ካልቻለ ፋርማሲስቱ ይበል። እሱም ካልቻለ፣ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ቤት ለቤት እየዞሩ አገር ያስተማሩ ሴቶች ይህችን ማስተማር ያቅታቸዋል? ማንም «አስተምሩ» ስላላላቸው ነው እንጂ።

ለምን አልተባሉም? መልሱን የቆጠራ ወረቀቶቻችን ውስጥ ፈልጉት። በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. የተደረጉትን የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች ግለጡ። የሚጠየቁት ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸው። ስንት ወለደች፣ የት ወለደች፣ ምን ዓይነት መከላከያ ትወስዳለች፤ ሁሉም በሠንጠረዥ ተቀምጧል። መልካም ነው፤ ያ ቆጠራ የስንት እናት ሕይወት አትርፏል። ሃምሳ የሞላት ግን ከመዝገቡ ትወጣለች። መውለድ አቆመች፤ መቆጠርም አቆመች። ጤና ጣቢያው፣ መመሪያው፣ ሥልጠናው፣ በጀቱ ሁሉ የተሰፋው በዚያ ልክ ነው።

እንግዲህ መጠየቅ የምፈልገው ይህንን ነው። ጤና ሚኒስቴር ስለ ማረጥና ስለ መድኃኒቶቹ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አንዲት ገጽ ጽፎ በየጤና ጣቢያው ቢለጥፍ ምን ያግደዋል? ባለሥልጣኑ 8482 የሚለውን ቁጥር በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ በትልቁ ቢያስጽፍ ምን ይጎድልበታል? ባለዲግሪው ልጅስ ሐኪሙን ወደ ጥግ መሳቡን ትቶ እናቱ ጎን ቢቀመጥና ያልገባትን ቢያስረዳት ምን ይቀርበታል? ሃምሳ ዓመት ቤት አስተዳድራ፣ እርሻ አሳርሳ፣ ልጅ አሳድጋ እዚህ የደረሰች ሴት፣ የምትውጠው ምን እንደሆነ ሰምታ፣ መዝና፣ እሺ ወይም እምቢ ለማለት የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት የሚነግራት ሰው ነው።